«በደል» በዓረብኛ

ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር፣ ባኒያስ በገባሁ በስድስተኛው ቀን ማዳም ወደ እኔ እየጠቆመች ለጎረቤቷ «በደል» ስትል ሰማሁና ክው አልኩ። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልሰበርኩም፤ ማንን በደልኩ? ቀኑን ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ዋልኩ። በኋላ ስሪላንካዊቷ ወጥ ሠሪ ሽንኩርት እየላጠች በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዋ አስረዳችኝ። በደል ማለት ምትክ ማለት ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ፊሊፒናዊት አገሯ ገብታለች፤ እኔ የእሷ በደል ነኝ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ግር እንዳይላት ተብሎ ስሟም ለእኔ ተላለፈ። ይኸው አምስት ዓመቴ፣ በዚያ ስም ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ያን ቀን ሳቄ አልቆም አለ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ትርጉሙ ምትክ ነዋ! በእኛ አገር ሞትን ተከትሎ የመጣን ልጅ ምትክ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ማለት የተለመደ ነው። ከእኔ በፊት እህት ነበረችኝ፤ ሰባት ዓመት ሆኗት በኩፍኝ ሞተች፤ በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። ዘመድ ሁሉ ቁርጥ እሷን ነሽ እያለ አሳደገኝ። እኔም ሰባት ሲሞላኝ እናቴ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የቆየውን ቀሚሷን አለበሰችኝ፤ ልክክ አለ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችኝና በእህቴ ስም ጠራችኝ። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንድም ቀን ስለዚያ አልተነጋገርንም።

ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡ አል ዓይን ከተማ፣ ወደ ማዳም እናት ቤት ይሄዳል። እኔና ወጥ ሠሪዋ ከመኪናው የመጨረሻ ወንበር ላይ ድስት ታቅፈን እንቀመጣለን። በስዌይሃን በረሃ በኩል ስናልፍ ግመሎቹን እያየች ስለ ሃይማኖቷ ታስተምረኛለች። በእነሱ እምነት ሰው ሞቶ አይቀርም፤ እንደ ሥራው ተመዝኖ ሌላ ሆኖ ይመለሳል። ያቺ ግመል ድሮ ሠራተኛ የምታስርብ ማዳም ነበረች ትለኛለች፣ ማዳም እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ ግን ግመሏን ሳያት ጥላ አላት፣ መኖ የሚያቀርብላት ሰው አላት፤ ቅጣቱ አልታየኝም።

ነፍስ አባቴ ይህን ስሰማ ቢያዩኝ ስግደት ይጭኑብኝ ነበር። ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው፤ ሐሳብ ደግሞ እንደ እኛ ያስመጣው አሠሪ፣ ካፊል የለውም። ወዲያኛውን ዓለም እኛ ስንመጣ እንደተሰለፍንበት የምርመራ ቦታ አድርጌ አስበዋለሁ። ደረትሽን ራጅ ትነሺያለሽ፣ አሻራ ትሰጫለሽ፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያይሽ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። አዲስ ቦታ የለውም። ሰው በለቀቀው ነው ሰው የሚያስገባው። የእኔን ወረቀት ሲያገላብጥ ልምድ አላት ይላል፤ መልሶ ምትክ አድርጎ ይልከኛል።

አንድ ቀን ወጥ ሠሪዋ ስትመለሺ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። የበኩር ልጅ አልኳት። ንግሥት የምል መስሏት ኖሮ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ዓመት እናቴ መርሳት ጀመረች። ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋባት፣ ቀጥሎ በዓላቱ፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ። እኔን ገና አልረሳችም፤ ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሳትረሳኝ ልድረስባት፤ በስሜ፣ እኔኑ ብላ፣ አንዴ ትጥራኝ። ማዳምን ፈቃድ ጠየቅኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በደል ይምጣ አለችኝ። ረመዳን ሲገባ ጠየቅኩ፤ በደል። ከዒድ በኋላ ጠየቅኩ፤ በደል። ፓስፖርቴ ከእሷ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቃሉን ማዳም በዓረብኛ ትለዋለች፤ እኔ በአማርኛ እሰማዋለሁ።

እንዲህ እያለ ያ ዓርብ መጣ። አል ዓይን ነን፤ ቤተሰቡ ምሳ በልቶ ተኝቷል። እኔ ግቢው ውስጥ ከተምሩ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ወንድሜ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዘላት። እናቴ አየችኝና ፊቷ በራ። እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«መጣሽ?» አለች የእህቴን ስም ጠርታ። «አድገሻል እኮ።»

ወንድሜ ሊያርማት ሲል ተዋት አልኩት። መጣሁ አልኳት። ያን ፊት ማጥፋት አቃተኝ።

«ምትክሽን ሰጥቶኝ ነበር» አለች። «ዓረብ አገር ሄዳ ቀረች። መሞቷን ደብቀውኝ ነው እንጂ ብትኖር ትመጣ ነበር። እዚያ አላየሻትም?»

«አላየኋትም፣ እማዬ።»

«ካገኘሻት እንዳታስቀይሚያት» አለች። «እሷም ልጄ ነበረች።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነበር፤ መጣና ለሌላ ሰው ተነገረ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ትንሿ ልጅ ከእንቅልፏ ተነስታ ከበሩ ላይ በፊሊፒናዊቷ ስም ጠራችኝ። አቤት ብዬ ሄድኩ።

ስንመለስ ስዌይሃን አካባቢ ማዳም ከፊት ወንበር ዞራ የእኔ በደል ቪዛ መውጣቱን ነገረችኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሄድ እችላለሁ። ደስ የሚለኝ መስሏት ነው። ወጥ ሠሪዋ እጄን ጨበጥ አደረገችና ባለፈው ሕይወትሽ መልካም ሠርተሻል አለችኝ።

ትኬቱ በእኔ ስም ተቆርጧል። አገሬ እገባለሁ፣ በሩ ላይ እናቴ በእህቴ ስም ትጠራኛለች፣ እኔም አቤት እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ስለዚያች ዓረብ አገር ስለቀረችው ብትጠይቀኝ፣ አሁንም አላየኋትም እላታለሁ።