በ‹ኑ› ነው በ‹ኖ›?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የዲላን አስፋልት ሲደበድበው፣ የልጅ ልጄ ቤዛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ኑሮ ሲጻፍ በ‹ኑ› ነው በ‹ኖ›?»

አፌ ሳይከፈት እጄ ተነሣ። የ‹ነ›ን ቅርፅ ሠራና እዚያው ቆመ። ባለቤቴ ታደለ ከተቀበረ ወዲህ ይህ እጅ ፊደል ሠርቶ አያውቅም።

ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ቡሌ በምትባል የደጋ ከተማ፣ ሁለታችንም አዲስ መምህራን ሳለን። ጉሙ እስከ ረፋድ አይገልጥም፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አብዛኛውን በእግር ነበር የምንሄደው። ማታ ቆጮ በጎመን እንበላለን። ታናሽ እህቱ መስማት የተሳናት ስለነበረች ከእሷ ጋር በጣት ፊደል ያወራል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርፅ አለው። ቅርፁ ሳይለወጥ የእጁ እንቅስቃሴ ሲለወጥ ካዕብ፣ ሳልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል።

ክፍሌ ውስጥ በቀለች የምትባል ልጅ ነበረች። ቤቷ የሚነገረው ጌዴኡፋ ነው። ፊደሉን ለይታ ታውቃለች፤ የሚያስቸግራት ቅጥያው፣ ‹ወ›ን ‹ዋ› ወይም ‹ው› የሚያደርገው ጭረት ነው። አንድ ቀን «ውሻ ጮኸ» ብላችሁ ጻፉ ስላቸው «ዋሻ ጮኸ» ብላ ጻፈች። አማርኛ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ጭረት ሲዛባ እንስሳው ገደል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በስሟ መጥራት ተዉ።

«ዋሻ መጣች! ዋሻ፣ እስቲ ጩኺ!»

አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «መምህርት፣ ይሄ ልጅ አምና ወደቀ። ዘንድሮም ከወደቀ ይበቃል፤ ከናቱ ጋ እንሰት ይፋቅ» አሉኝ። በቀለች ከጀርባቸው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

ለታደለ ነገርኩት። «ጆሮዋ ያምታታባትን እጇ ይለይላት እንደሆነ እንሞክር» አለ። በየማለዳው ክፍሉ በሙሉ እጁን አንሥቶ ፊደል ይሠራ ጀመር። ሌሎቹ ሲሳሳቁ በቀለች አትስቅም።

በፈተናው ቀን የቃል ጽሕፈት ሳነብ ርእሰ መምህሩ በዴስኮቹ መሀል ይዘዋወሩ ነበር።

«አንቺ! ዴስኩ ሥር ምን ደብቀሽ ነው? እጅሽን አውጪ!»

አወጣች። ባዶ ነው፤ ጣቶቿ ግን የ‹ወ›ን ቅርፅ እንደያዙ ነበሩ።

«እየጻፈች ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«በአየር ላይ?» አሉና ወረቀቷን አነሡት። «ውሻ» ይላል። እሳቸው ወረቀቱን መልሰውላት አለፉ። በዓመቱ መጨረሻ በቀለችም አለፈች።

እኔና ታደለ ተጋብተን ዲላ ገባን። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕመሙ አንደበቱን ሲዘጋው በእጁ ያናግረኝ ጀመር። ኋላ ክንዱም ዛለ፤ ጣቶቹ ቅርፁን ይሠራሉ፣ እንቅስቃሴው ግን የለም። ሊያርፍ ሲል ‹ነ› ሠራ፤ ቀጥሎ ‹ረ›። ደግሞ ‹ነ›፣ ደግሞ ‹ረ›። «ኖሬ» ይሁን «ኑሪ» አልለየሁትም። ኖሬአለሁ፣ ይበቃኛል ማለቱ ነው? ወይስ አንቺ ኑሪ? ይህን ይዤ ተኝቼ ይህንኑ ይዤ መነሣቱ አድክሞኛል።

«እማማ!» አለች ቤዛ፣ እርሳሷን እንዳነሣች። «በየትኛው ነው?»

እጄን ከቆመበት አንቀሳቀስኩት።

«በ‹ኑ› ነው» አልኳት።