አንዴ ብቻ የጠየቀችው ሴትዮ

ያ የበረዶ ወራት እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ሚኒሶታ ውስጥ ብርድ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ሲዳርም ሲቀበርም ብርድ ነው። የዚያን ዓመቱ ግን ቤት ገብቶ አብሮ ገበታ የሚቀርብ ዓይነት ብርድ ነበር። የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ይጋግራል። መኪናዋን ሞተሯ እንዲሞቅ በኤሌክትሪክ ገመድ ሰክተው ካላሳደሯት ጠዋት አትነሣም። አርዲስ ሉንድ ግን ከዚያ ወራት ይበልጥ የምታስታውሰው የባሏን የሜርልን ሳል ነው። ጋደም ሲል ይጀምረዋል። ደረቱ ውስጥ አንድ ሰው ጠጠር የሚያንከባልል ይመስል ይንኮሻኮሽና ድንገት ፀጥ ይላል። ከሳሉ ይልቅ ፀጥታው ነበር የሚያስፈራት። እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ፣ የሱ ትንፋሽ እስኪመለስ የራሷን ትይዛለች።

ሜርል ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በከተማቸው የእህል ጎተራ ነው። ስንዴ በተራገፈ ቁጥር የሚነሣውን አቧራ ሲውጥ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሥራው ቀረ፣ አቧራው ግን ሳንባው ውስጥ ቀረ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ "እንዲህ ያለ ብርድ አንድ ጊዜ ቢደግምህ አልወድልህም" አለው። "የማይበርድበት፣ የባሕር አየር ያለበት ቦታ ሂድ።" እንደ ቀላል ነገር! ጎረቤት ሄደህ ወንፊት ተዋስ የማለት ያህል!

ልጃቸው ጃኔል ካሊፎርኒያ ነበረች። ሳንታ ብሪሳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። በስልክ "እናንተ ኑ ብቻ፣ አንድ ነገር አይጠፋም" አለቻቸው። ቤታቸውን ሸጡ። ጣሪያውን ሜርል በገዛ እጁ ሁለቴ የቀየረው፣ ልጃቸው የተወለደችበት ቤት ነው። የተሸጠበት ገንዘብ ሳንታ ብሪሳ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጎጆ እንኳ እንደማይገዛ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቢነገራቸውስ? የሜርል ሳንባ ይህን አይሰማም። ከኋላዋ የመኝታ ሳጥን የተጫነባት አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው። የቀረ ዕቃቸውን በሷ ጭነው ወረዱ።

የደረሱ ዕለት ሜርል ባሕሩ ዳር ቆመና አየር ሳበ። ደግሞ ሳበ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞር አለ።

"አርዲ፣ ገባ እኮ።"

"ምኑ?"

"አየሩ። እስከ ታች ገባ።"

አርዲስ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፤ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን እንዳያይባት ነው። ከዚህ ቦታ የሚያስነሣኝ የለም ብላ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቤት ፍለጋው መጣ። ይህ ነገር ሲነሣ ዛሬም ደም ያፈላል። እዚያ አገር ቤት ለመከራየት መጀመሪያ ማመልከቻ ይሞላል፣ ለማመልከቻውም ይከፈላል። የሚከፈለው ለቤቱ አይደለም፤ አከራዩ ስምህን አይቶ እምቢ እንዲልህ ነው። ጠዋት አንዱ ጋ ይከፍላሉ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ይከፍላሉ፣ የሚደውል የለም። ሁሉም ግን ይስቃል። አርዲስን ያበገናት እሱ ነው። አገሯ ሰው እምቢ ሲል ቢያንስ ያፍራል፤ እነዚህ ጥርሳቸውን እንደ ጥጥ አንጥተው፣ "መልካም ቀን ይሁንላችሁ!" እያሉ ነው በሩን የሚዘጉት።

አንዷ የቤት ደላላ፣ "ገቢያችሁ የኪራዩ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት" አለቻቸው።

"የኔ እመቤት" አለ ሜርል፣ "ገቢዬ የዚህ ኪራይ ሦስት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻውን እርስዎ ነበሩ ለኔ የሚሞሉት።"

ደላላዋ ሳቀች። በሩንም ዘጋች።

የጃኔል አከራይ እንግዳ አያሳድርም። ስለዚህ ፒካፗ ውስጥ ማደር ጀመሩ። አንድ ቦታ ሲያቆሙ ፖሊስ መስታወቱን አንኳኩቶ፣ "እዚህ ማደር ክልክል ነው፣ አባት" ይላል፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ፣ እዚያም ያው ነው። የባሕሩ ጤዛ ሳጥኑ ውስጥ እየገባ ፍራሹን አራሰው። ሜርል መሳል ጀመረ። ትንሽ ነው፣ ጉሮሮውን የጠረገ መስሎ ይደብቃታል። ግን ሚስቱን ማታለል አይችልም።

አንድ ቀን ጃኔል ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች መጣች። ሁልጊዜ ከሷ ጠረጴዛ ቁርስ የምትበላ ሮዛሊንድ የምትባል ሴትዮ ግቢዋ ውስጥ ጀርባ ላይ ባዶ ቤት አላት። እናቷ ነበረች የኖረችበት፣ አሁን ሞታለች።

"ልታያችሁ ትፈልጋለች። ደህና ልብስ ልበሱ። እማ፣ አባባን ያን የጎተራ ኮፍያ አስወልቂልኝ።"

"ኮፍያው ምን አደረገሽ?" አለ ሜርል።

"ከኔ ይበልጣል በዕድሜ!"

ባዶ እጅ አይኬድም። አርዲስ የምግብ ቤቱን ወጥ ቤት ሠራተኛ አስፈቅዳ የአጃ ብስኩት ጋገረች፤ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ሮዛሊንድ በባዶ እግሯ ወጣች። ሽበቷን ለቃዋለች፣ ዕድሜዋ እንደ አርዲስ ነው። በሕይወቷ አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች ጥምጥም ብላ አቀፈቻቸውና አንቺና አንተ ማለት ጀመረች። ጀርባው ቤት ሁለት መስኮት አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይገባዋል። አርዲስ ማንም ሳያያት ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ደረቅ ነው። ደረቅና ሞቃት።

"ወደድሽው?"

"ደህና ነው፣ ምንም አይልም" አለች አርዲስ። በሷ አገር ከዚህ በላይ ማድነቅ ከልመና ይቆጠራል።

"እንግዲያው ውሰዱት። ኪራዩን የምትችሉትን ትከፍላላችሁ። እኔ የምፈልገው ጨዋ ሰው እንዲገባበት ነው።"

የአርዲስ ልብ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ። የምትፈልገው ይኸው፣ ከፊቷ ቆሟል። ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"ኧረ አይሆንም! የራስዎ ዘመድ አይጠፋዎትም፣ እኛ ለምን እናስቸግርዎታለን።"

ሜርልም ጫማውን እያየ፣ "ኧረ እኛ የትም እንሆናለን" ብሎ ጨመረበት።

እነሱ ባደጉበት አገር በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው። አንድ ስኒ ቡና እንኳ ሲቀርብ መጀመሪያ "አይ፣ ይቅርብኝ" ይባላል፤ ሲደገም "እንዳትቸገሩ" ይባላል፤ ሲሠለስ "እንግዲህ ከቀዳችሁ" ተብሎ ይጠጣል። ለእኛ ሰው ይህ ምንም ማስረዳት አያሻውም። ጋባዥም ያውቃል፣ ተጋባዥም ያውቃል።

ሮዛሊንድ ግን የካሊፎርኒያ ልጅ ናት። "እሺ፣ ገባኝ! ምንም ችግር የለም" አለችና ስለ ውሻዋ ማውራት ጀመረች።

አርዲስ ሁለተኛውን ጠበቀች። ሴትዮዋ የውሻውን ሕመም ተናገረች፣ የውሻውን ሐኪም ተናገረች። የቀዳችላቸው ሻይ ሲያልቅ "ልድገምልሽ?" አለቻት። አርዲስ "አይ፣ በቃኝ" ስትል ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ይዛው ሄደች። ያኔ መባነን ነበረባት። አልባነነችም።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሜርል፣ "ትደውላለች፤ ሁለተኛውን በስልክ ልታደርገው ነው" አለ።

"እንዴታ። ፊት ለፊት መወትወቱ ከብዷት ነው እንጂ።"

አርዲስ አልጋው በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚሆን አሰበች። መጋረጃውን በሐሳቧ ሰፋች። ሮዛሊንድ በጃኔል ምግብ ቤት ስልክ ትደውላለች ብለው ቀኑን ሁሉ እዚያው በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ይቀመጣሉ። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ጃኔል ወጣች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"እማ! ቤቱን አልፈልግም አልሻት?"

"ማን ነው አልፈልግም ያለው?"

"ራሷ ነገረችኝ! 'እናትሽ አልወደደችውም' አለችኝ። ለአንድ ሰውዬ አከራየችው፣ ዕቃውንም አስገብቷል!"

"አንድ ጊዜ ነው እኮ ያልኳት!"

"እዚህ አንዴ ይበቃል! አይ ካልሽ አይ ነው! ማንም ቆሞ አይለምንሽም!"

"አንቺስ? እዚያው አይደለም እንዴ የተወለድሽው? እያወቅሽ ለምን አፍሽን ያዝሽ?"

"እኔን ራሴን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል! 'ግድ የለም፣ ግድ የለም' እያልኩ ቲፔን ሌላ ሰው ሲበላው! እናንተ ደግሞ፣ አባባ መተንፈስ አቅቶት... እዚህም ታፍሪያለሽ ብዬ በምን ልጠርጥር?"

"እናትሽን አትጩኺባት" ሊል ሜርል አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው። ሳሉ እስኪያልቅ እናትና ልጅ የቆሙበት ቀሩ። ሲያልቅ አርዲስ ቦርሳዋን ያዘችና በእግሯ ሄደች።

ሮዛሊንድ በሩን ከፍታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። አርዲስ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ቤቱን ለሰው ሰጡት።"

"አልፈልግም ብለሽኝ ነዋ፣ ማሬ!"

"ማርዎ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት።"

"ታዲያ ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ ኖሯል?"

"ሦስት! ሰው ሦስት ጊዜ ይጠየቃል! አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ሰው ጠየቀ ለመባል ነው የጠየቀው! ባሌ ሊሞትብኝ ነው፣ እርስዎ ስለ ውሻ ያወሩኛል!"

የሮዛሊንድ ደም ወደ ፊቷ ወጣ። "እኔ እኮ ያልሽኝን አመንኩ! ሰው አይ ካለ መነዝነዝ ብልግና ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። የልብሽን በምን ልወቀው? ልቀድደው?"

ነገሩ እውነት መሆኑ አርዲስን የባሰ አነደዳት። ጥፋተኛ ያጣ ንዴት የት ይጣላል? በዚህ መሐል አዲሱ ተከራይ በማዕበል ላይ የሚጋልብባትን ረጅም ጣውላ በብብቱ ይዞ ከጀርባ ብቅ አለና፣ "ሰላም ለናንተ ይሁን!" ብሎ እጁን አውለበለበ። አርዲስ ጣውላዋን ነጥቃ ብትመታው ደስ ባላት።

"ውሉን ፈርሜለታለሁ፣ ላስወጣው አልችልም" አለች ሮዛሊንድ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። "መኪናችሁን ግን ግቢዬ ማቆም ትችላላችሁ። ኤሌክትሪክ ትስባላችሁ፣ መታጠቢያዬን ትጠቀማላችሁ። ትፈልጊያለሽ?"

"ኧረ" የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አርዲስ ነክሳ ዋጠቻት።

"እፈልጋለሁ።"

አላመሰገነችም። ስትመለስ አደባባይ ላይ ቀሚሷን ያወለቀች ያህል ነው የተሰማት።

ግቢው ገቡ። በተሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ማሞቂያ ለኮሱ፣ ፍራሹ ደረቀ። ሜርል ቀን ቀን ከሎሚው ዛፍ ሥር ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ ተከራዩ ሲያልፍ፣ "ዛሬስ ባሕሩ ጣለህ?" እያለ ይተርበዋል። ሳሉ ራቀ። አርዲስና ሮዛሊንድ ግን ሰላምታ ካልሆነ ብዙ አይነጋገሩም። ሁለቱም የተበደልኩት እኔ ነኝ ባይ ናቸው።

እንዲያ እንዳሉ ከመንገዱ ማዶ ያለ ባለ ትልቅ ቤት፣ ከመስኮቴ አሮጌ መኪና ይታየኛል ብሎ ከሰሰ። ከከተማው አስተዳደር የመጣ ሰው ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በግል ግቢም ቢሆን፣ መኪና ውስጥ መኖር አይቻልም። ሮዛሊንድ ተናዳ ጫማ አድርጋ ወጣች። የከተማው ሸንጎ ፊት ቀርባም፣ "ግቢው የኔ ነው፣ እንግዶቹም የኔ ናቸው!" ብላ ጮኸች። ከዚያ አርዲስ ተነሣች። ሰው በተሰበሰበበት ተናግራ አታውቅም።

"ባሌ እዚህ ሲሆን ይተነፍሳል" አለች። "እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ። እንድትፈቅዱልን እፈልጋለሁ።"

አላቅማማችም፣ አልተሽኮረመመችም። እንደ አገሩ ወግ፣ አንዴ፣ በግልጽ ጠየቀች። ሰብሳቢው ፈገግ አለላት። ስለ ቅንነቷ አመሰገናት። ታሪኳ ልቡን እንደነካው ነገራት። ከዚያ የሸንጎውን አባላት እጅ አስወጥቶ በድምፅ ብልጫ ከለከላት።

አርዲስ ከአዳራሹ ስትወጣ አላለቀሰችም። "እያወቁ ነው" አለች ለጃኔል። "ያቺ ሴትዮስ አልገባትም ነበር። እነዚህ ገብቷቸው ነው።"

ከሳንታ ብሪሳ ጀርባ ካለው ተራራ ወዲያ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ኪራይ ይቀንሳል፤ ዕቃቸውን ጭነው ወደዚያ ተሻገሩ። የባሕሩ ነፋስ ግን ተራራውን አይሻገርም። በመከር ጊዜ ለውዝ የሚመስል ፍሬ ያለውን የአልሞንድ ዛፍ በማሽን ይዘው ሲያራግፉት አቧራው ሰማይ ይደርሳል፣ ሳምንታትም አይወርድም። ሜርል ያን አቧራ ገና ሲያሸተው ምን እንደሆነ አወቀ። አሁን በአፍንጫው የኦክስጅን ቱቦ አድርጎ ነው የሚውለው። ጃኔል በእረፍት ቀኗ በአውቶቡስ ትመጣለች። ሮዛሊንድ ሁለት ጊዜ ሎሚ ልካለች፤ አርዲስ ተቀብላለች።

እስከሚታወቀው ድረስ አርዲስ ሉንድ ከባሕሩ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ኮርዴሮ በምትባል የሸለቆ ከተማ፣ ከአልሞንድ ማሸጊያው ጀርባ ባለው የተጎታች ቤቶች ሰፈር ትኖራለች። ሜርል አብሯት አለ።