የዘይነባ አውራ ጣት

የእትዬ ዘይነባን አውራ ጣት ይዤ ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ከላይ የተጻፈውን አንብቤው ነበር ወይስ ገና አላነበብኩትም? ስድሳን ካለፍኩ በኋላ እንኳ ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤቴ አንዲት ወጣት መጣች። የባጃጅ መቆሚያው ከገበያው በር ተነሥቶ ወዴት ቢዛወር እንደሚሻል ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። አነጋግራኝ ስታበቃ የስም ዝርዝር ዘረጋችልኝ። «እማማ፣ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።» መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያው ቃል ማንበብ ጀመርኩ። «ኧረ መጠየቅዎን ለማሳየት ብቻ ነው እማማ!» አለች እየሳቀች። እኔ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ ብዕሩን አልያዝኩም።

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃያ ሞልቶኝ አምስተኛ ክፍል ስማር፣ ከልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ጉልበቴ አልገባ እያለኝ እቀመጥ ነበር። ሰፈራችን አምባሰል ውስጥ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። የላይ ሰፈር ገበሬዎች ድስታችንንና እንስራችንን ይወዱታል፤ እኛን ግን ዓይናችንን ስለሚፈሩ ከደጃፍ አያሳልፉንም። ከሴቶቻችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ እሱን ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር። የሰጠ እጅ መንሣትም እንደሚችል አውቃለሁ።

በአንድ የግንቦት ሰሞን የመኪና መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። ሁለት ሐሳብ ነበር፤ አንደኛው ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቶ በእኛ ሰፈር እንዲያልፍ፣ ሌላው ድልድይ ሳያስፈልገው በላይ ሰፈር በኩል እንዲሄድ። እኛ ክረምት ከበጋ ሸክላ አዝለን ውጫሌ ገበያ የምንሄደው ያንን ወንዝ በእግራችን ተሻግረን ነው። ክረምት ሲገባ ሴቶቹ የሸክማቸውን ገመድ አንድ ጊዜ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ያስሩታል፤ ደራሽ ውሃ ቢመጣ ሸክላውን ጥሎ ነፍስን ለማትረፍ። ያንን ቋጠሮ ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት።

ይህን ለመወሰን የተጠራው ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ወንዶቹ ክፍል ውስጥ፣ የላይ ሰፈር ሴቶች በረንዳው ላይ፣ የእኛዎቹ ደግሞ አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የታደለው ቆሎ እንኳ በረንዳው ላይ አለቀ። ሊቀመንበሩ ጠርቶ ወረቀትና ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ሰጠኝ። «የሰፈርሽን ሴቶች አስፈርሚ፤ መገኘታቸውን ነው።»

ጭቃ ሲያሽ የኖረ አውራ ጣት መስመሩ ይጠፋል። እትዬ ዘይነባ ስታሳርፍ የወጣው ድፍን ሐምራዊ ክብ ነበር። ሊቀመንበሩ አየና፣ «ይሄ ደግሞ አሻራ ነው? ድገሚው!» አለ። ደገምነው፤ ያው ነው።

«አያ፣ ጣቴን ጭቃ በልቶታል፤ ለመንግሥት የተረፈ የለም» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አስካለ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ።

«መምጣታችሁን ነው» አልኳት።

«አንቺ ካነበብሽው ይበቃናል።»

ሦስተኛውን ስናሳርፍ ዓይኔ ወረቀቱ ራስ ላይ ነበር። መገኘት የሚል ቃል የለም። መንገዱ በላይ ሰፈር እንዲሄድ ተስማምተናል ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ግን ለዘይነባ ከመመለሴ በፊት ይሁን በኋላ፣ አላውቅም። ራሴን ማጽናናት ሲያምረኝ በኋላ ነው እላለሁ። የቀሩትን ሰባት ሴቶች ግን ወረቀቱ የሚለውን እያወቅኩ ነው ያስፈረምኩት፤ እዚያ ላይ ጥርጥር የለም።

በመጨረሻ ከከተማ የመጣው መሐንዲስ ካርታውን እየጠቀለለ፣ «የወንዝ ማዶ ሰዎችስ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሰጠው። መሐንዲሱ ድፍን ክቦቹን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያስፈረምሻቸው? አስረድተሻቸዋል?»

ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ፣ «ጎበዝ ተማሪያችን ናት። ደብዳቤዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ» አለ፤ ይኸው ነው።

«አዎ» አልኩ።

መንገዱ በላይ ሰፈር በኩል ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከዘይነባ ኋላ ሆኜ ስሻገር፣ ጉልበታችን ድረስ የነበረው ውሃ ድንገት ቅጠልና ፍግ ይዞ ደፈረሰ። ይህ ምን እንደሚያስከትል የማታውቅ ከመካከላችን አልነበረችም። «ፍቺው! ፍቺው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ምናልባት የራሴ ነው። ሸክላዎቹ እየተጋጩ ሄዱ። ዘይነባ ቋጠሮዋን ፈትታ ነበር፤ ውሃው ግን ጠልፎ ከድንጋይ ጋር አላተማት። ከታች ደርሰን ጎትተን ስናወጣት «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ ግራ እግሯ ያለ ቦታው ታጥፏል። ሌሎቹ ሁሉ ለእሷ ሲፈሩ እኔ ለራሴ ፈራሁ። አሁን ቀና ብላ ስለዚያ ወረቀት ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም። እግሯ እንደተሰበረ ቀረ፤ በምርኩዝ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ገበያ፣ ምርኩዝ መሬት ሲነካ በሰማሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ለወጣቷ ፈርሜ ከሸኘኋት በኋላ ተመልሼ መቀመጥ አቃተኝ። ሚኒባስ ይዤ ውጫሌ ሄድኩ፤ ዘይነባ እዚያ ልጇ ቤት ነው የምትኖረው፣ ሰማንያን ተጠግታለች። በመንገድ ሁሉ ያው የድሮው ፍርሃት አብሮኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ደብዳቤውም ሥራውን ጨርሷል። የምፈራው ሰው ሳይኖር ፍርሃቱ እንዴት ብቻውን እንዲህ ይኖራል?

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳላሳጥር ነገርኳት። «አዎ» ያልኩትንም ጭምር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ቃሉን ታስታውሽዋለሽ?» አለች።

«አንድም አልጠፋኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

ባዶ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አነበብኩላት፦ «እኛ የወንዝ ማዶ ነዋሪዎች፣ መንገዱ በላይ ሰፈር በኩል እንዲያልፍ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።»

ሻሿን አስተካክላ ቀና አለች። እኔን አላየችም፤ ከፊቷ ሰው የተሰበሰበ ይመስል ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔ አልተስማማሁም።»