ሦስት ቁልፍ ያለው ሬዲዮ

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ ሌሎችን ሳማ ትሰሙኛላችሁ፣ ሐሜቱም ይገባቸዋል።

መካነ ሰላም አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት የከተማው ሰው አዋጥቶ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ገዛ። ሬዲዮ በየቤቱ አልነበረም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ጎረቤት ሲመጣ ባትሪ እንዳያልቅባቸው ጥርቅም ያደርጉታል። ይኼኛው ግን የሁሉም ነው ተባለ። ከገበያው ዳር ባለች ክፍል መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴም ተመረጠ። ከነጋዴዎች መካ ደርሰው የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከመንግሥት ሠራተኞች አንድ ጸሐፊ፣ ከአስተማሪዎች እኔ።

ከተዘጋ በኋላ ማን ጋ ይደር ሲባል ክርክር ተነሣ። ሐጂ ጋ ቢሆን ለሱቃቸው ገበያ መጥሪያ ያደርጉታል፤ ጸሐፊው ጋ ቢሆን ቤቱ ይዞት ይገባል፤ እኛ ጋ ቢሆን ተማሪ ይፈታታዋል። ያኔ ነው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የቤተ ክርስቲያኑን ሙዳየ ምጽዋት ያስታወስኩት። ሙዳዩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገኙ አይከፈትም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠረጥርም። ሬዲዮውንም ሳጥን አሠርተን በሦስት ቁልፍ እንቆልፈው አልኩ። ሐጂ ጉልበታቸውን መታ አድርገው፣ "ወላሂ፣ አማና ማለት ይኼ ነው!" አሉ። ጸሐፊውም ደስ አለው። እኔ ደግሞ ማታውኑ ደንቡን ቀይ መስመር ባለው ወረቀት ላይ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ባትሪ በየተራ እንደሚገዛ፣ ከተራ ውጭ ከማንም ስጦታ እንደማንቀበል፣ ሁሉንም።

ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ መሆኑን ማናችንም አላሰብንም። ሬዲዮ በየቀኑ ነው የሚከፈተው። አንዱ ለቅሶ ሲሄድ፣ አንዱ ወረኢሉ ሲወርድ፣ አንዱ ሲያኮርፍ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ይውላል።

ያ ዓመት ወሎ የተራበበት ዓመት ነው። አክስቴ፣ በዕድሜ ብዙም የማትበልጠኝ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከከላላ ወዲያ ካለው ቆላ በእግሯ መጣችብኝ። መጣችብኝ ማለቴን ይቅር በሉኝ፤ የአስተማሪ ደመወዝ ለአራት ሰው አይበቃም ነበርና ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ባሏ እህል ካለበት አገር ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ወጥቷል። ሲለያዩ፣ "የወንድምሽ ልጅ ጋ ሂጂ። መካነ ሰላም የሕዝብ ሬዲዮ አለ ይላሉ፤ በሕይወት ካለሁ በእሱ መልእክት አስነግራለሁ" ብሏታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከየመጠለያው የተላከ የጠፋ ሰው መልእክት ይነበብ ነበር። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ስሟ ሳይጠራ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ "አብሽር፣ ለሚመጣው ይሆናል" የምትለው እሷው ነበረች፣ እኔን ለማጽናናት።

የካቲት ላይ የሁሉም ሰው ቁጣ አንድ ላይ መጣ። አዲስ አበባ ታክሲ ቆመ፣ አስተማሪ ሥራ አቆመ፣ ወታደር አጉረመረመ። እኛም ወሬውን ከውጭ አገር የአማርኛ ሥርጭት መስማት ፈለግን። ጸሐፊው ግን ሥርጭቱ ሊጀምር ሲል ተነሥቶ ሬዲዮውን ያጠፋዋል። "ይኼ የሕዝብ ሬዲዮ ነው፤ የአሉባልታ አይደለም" ይላል። ሐጂ ደግሞ የእህል ዋጋ ከሰሙ ሌላው ግድ የላቸውም። ባትሪው አልቆ ሬዲዮው በተዘጋ ጊዜ ተራው የአስተማሪዎች ነበር። ተሰብስበን ተማከርንና የምንሰማውን ካልመረጥን ባትሪ አንገዛም አልን። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ አለ። ጻፍን። ፊርማ ጎደለ አለ። ፈረምን። በዚህ መካከል የመጀመሪያው ቅዳሜ አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ቃለ ጉባኤው ላይ ማን በላይ ማን በታች ይፈርም በሚል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተነታረክን። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። አገር በረሃብ እያለቀ እኛ የፊርማ ቦታ እንለካ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሐጂ ከሱቃቸው ስድስት አዲስ የባትሪ ድንጋይ በኪሳቸው ይዘው መጡ። ጸሐፊውም ፊቱን እንዳጠቆረ ቁልፉን አውጥቶ ቆሟል።

"በሉ፣ ይብቃን" አሉ ሐጂ። "ከኔ ይሁን። ለሰደቃ ቁጠሩት። ይኼ ምስኪን ሕዝብ ይስማበት።"

ሁለቱ ቁልፎች ተከፈቱ። የቀረው የእኔ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ አስተማሪ ጓደኞቼ እያዩኝ ነው። ዛሬ የነጋዴ ባትሪ ከተቀበልን ነገ ነጋዴ ያዘናል፤ ትግላችን ሁሉ ውኃ በላው ብዬ አሰብኩ።

"ደንቡ ስጦታ አይፈቅድም" አልኩ።

"ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ባትሪ እኮ ነው" አሉ ሐጂ።

"ባትሪ አይደለም፣ መርሕ ነው" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል አፌ ላይ ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር።

አክስቴ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀና ብላ ታየኛለች። ቁልፉ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጨብጬው ስለቆየሁ ሞቋል። ሐጂ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሳቸው መለሱና፣ "አላህ ልብ ይስጠን" ብለው ሄዱ። አስተማሪዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ።

የሆሣዕና ሰሞን ከወረኢሉ የመጣ አንድ የበቅሎ ነጋዴ የአክስቴን ስም እየጠየቀ ደጄ ደረሰ። እዚያ ሻይ ቤት ሬዲዮ ሲሰማ ስሟን ይዞ ነው የመጣው።

"ሦስት ቅዳሜ ሲያነቡት ሰምቻለሁ" አላት። "ኮምቦልቻ መጠለያ ነኝ፣ አፊያ ነኝ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ ይላል። እስከ ደብረ ዘይት በዓል እጠብቃችኋለሁ ይላል።"

ደብረ ዘይት ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሦስቱ ቅዳሜዎች የትኞቹ እንደሆኑ እሷም እኔም አልጠየቅንም፤ አውቀናቸዋል። በማግስቱ ልጆቹን እኔ ጋ ትታ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብቻዋን ተመለሰች። ውኃ ሰጠኋት፤ እግሯን ታጠበች፤ ልጆቿን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ መጠለያው ውስጥ ከእሱ ጋር የነበሩ ሰዎች የነገሯትን ነገረችኝ። እስከ ደብረ ዘይት መንገድ መንገድ ሲያይ ከረመ። በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ "መካነ ሰላም ሬዲዮ አለ። ሦስት ጊዜ ተነግሮ ካልመጡ የሉም ማለት ነው" አለ። ፀጉሩን ተላጨ። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ፤ የማያውቁት ሰዎች "እግዜር ያጥናህ" እያሉ ደረሱት። በአራተኛው ቀን የጉልበት ሠራተኛ በሚጭን መኪና ተሳፈረ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም። እኛም ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አፈላልገን አላገኘነውም።

"አልቅሶልናል" አለች። "ልጆቹ እዚህ ሲቦርቁ አባታቸው አልቅሶላቸዋል።"

ከዚያ ቀና አለች፤ ያን ቅዳሜ ከመስኮቱ ሥር እንዳየችኝ አድርጋ አየችኝ።

"ሽማግሌው ባትሪ ሲያመጡ ለምን መለስካቸው?"

"ደንቡ አይፈቅድም ነበር" አልኳት።

"የማን ደንብ ነው?"

"የኮሚቴው" አልኳት።