ከሎሚው ዛፍ ላይ ሆኜ የሰማሁት ሽምግልና

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር ካለው ግቢዬ ለዓሣ ማጠቢያ ሎሚ ስቀጥፍ እሾሁ የሹራቤን እጅጌ ያዘው። ብስበው ይቀደዳል፤ ብተወው እዚያው ቆሜ ልቀር ነው። ከዘር ያበቀልሁት ዛፍ ነው፤ ዘሩም የመጣው ከዘጌ፣ ከአባቴ ግቢ። እንደተያዝሁ አንድ የመስከረም ጠዋት ትዝ አለኝ።

በዘጌ በበሬ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። የእኛ እርሻ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የጫካው መንገድ ገና ጭቃ እያለ ሎሚው ይደርሳል፤ በጀልባ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወጣል። በዚያ ዓመት ከሎሚው ጋር እኔም ልሳፈር ነበር። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ ስለነበር ከአክስቴ ቤት ሆኜ እንድማር አባቴ ፈቅዶልኛል።

ከትልቁ ሎሚ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን እንደ ከረጢት ቋጥሬ እቀጥፋለሁ። አባቴ መሰላሉን ወደ ጓሮ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከፊት መሪጌታ ናቸው፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ደብር የሚያገለግሉ። አባቴ ወደ ቤት አላስገባቸውም። ከእኔ ሥር፣ ጥላው ላይ ያለውን መደብ አሳያቸው።

«አረፍ በሉ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «ልጅህን ለወንድሜ ልጅ ልንለምን ነው የመጣን።»

ቅጠሉ ውስጥ ተሸሸግሁ። መውረድ አልችልም፤ ብችልም ልጃገረድ በዚህ ነገር ሽማግሌ ፊት አትቆምም።

«ለትምህርት ልትሄድ ነው» አለ አባቴ።

«ባሕር ዳር ተምራ ተመልሳ ቡና የለቀመች አይተሃል? ልጁ የቡናና የጌሾ ጌታ ነው። ሌላ ምን ትሻለች?»

አባቴ ዝም አለ። በእኛ አገር የአባት ዝምታ ወደ እሺታ ያደላል። ፊቱን ለማየት ጎንበስ ስል እሾሁ ፀጉሬን ያዘኝ፤ የነጠላው ቋጠሮ ተፈታና ሎሚው እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ የመሪጌታን ጥምጥም መታ።

«ይኸው!» ብለው ሳቁ መሪጌታ። «ዛፉ እንኳ እሺ አለ!»

ሁሉም ሳቁ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት፣ መደቡ ላይ ሊቀመጥ ዝቅ አለ። ከተቀመጡ አለቀልኝ።

«ዛፉ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «እምቢ ብያለሁ። ልማር ነው።»

ሽማግሌው እንደ ጎበጠ ቀረ። መሪጌታ ቀና አሉ።

«ከሽማግሌ ራስ በላይ ሆነሽ ነው የምትመልሺ? ውረጂና ተናገሪ!»

«መሰላል የለም፣ የኔታ።»

ያኔ ነው አባቴ የተናገረው። «ሰምታችኋል። ከእሷ ቃል በላይ እኔ ቃል የለኝም።»

ሳይቀመጡ ወጡ። ሽማግሌን እንደ ቆመ መመለስ ቀላል አይደለም፤ መሪጌታ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አባቴን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙት እንኳ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። አባቴ መሰላሉን አምጥቶ ወጣና ፀጉሬን ከእሾሁ ቀስ እያለ ፈታው። በማግስቱ ጀልባው ላይ፣ ከሎሚው ጆንያ መካከል ነበርሁ።

መሰላሉን የወሰደው እሱ ነው፤ እዚያ እንዳለሁ ያውቃል። እንግዶቹን ከቤት ይልቅ እኔ ሥር ያቆማቸውም እሱ ነው። አስቦበት ይሁን አይሁን ግን ሳልጠይቀው ሞተ። በጋዜጠኝነት ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ያልተረጋገጠ ነገርም ጽፌ አላውቅም። ለልጆቼ ስነግራቸው ግን «አያታችሁ አውቆ ነው» ብዬ ነው የምጨርሰው።