ከማሕሌት በስተግራ ያለው ዱካ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከአዲስ አበባ

የመኪናው መንገድ አላስተማመነኝምና ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። የቼዝ ዳኛ ነኝ። የውድድር አዘጋጆች የላኩኝ አንዲት ተጫዋች ታጭበረብር እንደሆነ አጣርቼ እንድመለስ ነው። ማሕሌት ትባላለች፤ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ትናንት ስሟን የሚያውቅ ያልነበራት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የአገሩን ጠንካራ ሴቶች ሁሉ ረትታ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። ተሸናፊዎቹ ጨዋታዎቿን ኮምፒውተር ውስጥ ቢያስገቧቸው እርምጃዎቿ ከማሽኑ ምርጫ ጋር ልክክ አሉ። ክሱ ከተረጋገጠ ለዓመታት ትታገዳለች፤ ካልተረጋገጠ በሚቀጥለው ወር ከቡድኑ ጋር ወደ ውጭ ትበራለች።

ዘመኑ የጥርጣሬ ነው። የዓለም ታላላቆች እንኳ ሲሸናነፉ «ማን ነገረው?» መባባል ጀምረዋል። እኔም ብሆን ከመጸዳጃ ቤት ስልክ፣ ከሰው ጆሮ የምስር ፍሬ የምታህል ማዳመጫ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የት እንደደበቀችው እንጂ መደበቋን አልተጠራጠርኩም ነበር።

ቀትር፣ ባሕር ዳር

የባጃጁ ሾፌር ሦስት መቶ ብር ብሎኝ ተከራክረን በሁለት መቶ ተስማማን። ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላሁ፤ ዓሣው ድንቅ ነበር፣ ዳጣው ግን እንባዬን አወረደው። ነፋስ የሚባል የለም። ጣና ረግቶ፣ እምቦጩ ዳር ዳሩን ተኝቶ፣ ማዶው አይታይም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ደስ አይለኝም፤ ሒሳቤን ከፍዬ ቶሎ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ የማሕሌት ቤት

እናቷ ወይዘሮ የሺ በር ላይ ተቀበሉኝ። ሳሎኑ ውስጥ የቼዝ ሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ማሕሌትም ከኋላው ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ከማሕሌት ወንበር በስተግራ አንድ ዝቅ ያለ የእንጨት ዱካ አለ። ጫማዬን ለማሰር ልቀመጥበት ስል ወይዘሮ የሺ ክንዴን ያዙኝ።

«እዚያስ አይቀመጡ የኔ ጌታ፤ ሰው አለበት።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራዬን ጀመርኩ። ስልኳን ጎረቤት አስቀመጥን፤ የብረት መፈለጊያዬን ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ አስኬድኩት፤ ዱካውንም ገልብጬ አየሁት። ምንም የለም። መስኮቱን ዘግቼ ወይዘሮ የሺንም ውጭ እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸው።

ሁለቴ አሸነፈችኝ። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ከባድ ቦታ ላይ ስትደርስ አንገቷን ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ እንደሚሰማ ሰው። በሦስተኛው ጨዋታ ፈረሴን ሰጥቼ ንግሥቷን የማጠምድበት ዘዴ በልቤ አዘጋጀሁ። ተራው የእሷ ነበር። ከጓዳ በኩል አንዲት ደረቅ ሳል ሰማሁ። ማሕሌት አንገቷን አዘነበለች፣ ፈገግ አለች፣ «እሺ» ብላ ንግሥቷን አሸሸች።

«ማንን ነው እሺ ያልሽው?»

«አባየን።»

አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። በጥንቱ ሰንጠረዥ፣ በአባቶቻችን ቼዝ፣ ከአጠገብ የተቀመጠ ሰው ጮክ ብሎ መምከሩ ወግ ነው፤ ማንም ነውር አይለውም። እሳቸውም ከልጅነቷ ጀምረው በዚያች ዱካ ላይ ተቀምጠው ሲመክሯት ኖረዋል።

«ካረፉም ወዲህ ይነግሩኛል» አለች፣ ምንም እንዳልተለወጠ።

«የራስሽ ሐሳብ ነው።»

«የራሴ ሐሳብ በራሴ ድምፅ ነው የሚመጣ። እሳቸው አስቀድመው ይስላሉ።»

ሳሉ የወይዘሮ የሺ መስሎኝ ነበርና ተነሥቼ ጓዳውን ከፈትኩ። ባዶ ነው፤ ሌላ በርም የለውም። ወዲያው ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በውጭው በር ገቡ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ፀሐይ እንኳ ሳትጠልቅ፣ ፈራሁ።

ፍርሃቴን በደንብ ሸፈንኩት። «ማሕሌት፣ መሣሪያ አላገኘሁብሽም። ‹ማንም አልረዳኝም› ብለሽ ቃልሽን ስጪኝና ነገሩ ይለቅ።»

«እንዲህማ አልልም። ይረዱኛላ!»

«የሞተ ሰው ደንቡ ውስጥ የለም።»

«እዚህ ቤት ግን አሉ። አባየን ‹የሉም› ብየ ልማል?»

«ቡድኑ ይቀራል እንጂ በአባቷ አትዋሽም» አሉ ወይዘሮ የሺ።

ተናደድኩ። ውሸታም ብትሆን ኖሮ እኮ ገና ድሮ ነጻ ወጥታ ነበር። ማሕሌት ከሰሌዳው ቀና አለች።

«ቡድኑንም አልተውም፤ ለፍቸበታለሁ። ነገ ዘጌ አብረውኝ ይሂዱ። መቃብራቸው ላይ ሄጀ ዝም እንዲሉ እለምናቸዋለሁ።»

እሑድ፣ ዘጌ

በጀልባ ስንሻገር ሐይቁ ላይ ጉም ስለነበር የምንሄድበት ዳርቻ አጠገቡ እስክንደርስ አልታየኝም። ከጀልባው ወርደን በቡና ጫካው ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ጦጣዎቹ ይንጫጫሉ፣ ወፎቹም እንዲሁ። መቃብሩ ከቅጥሩ ሥር ነው። ማሕሌት ሰግዳ መሬቱን ሳመችና ተናገረች።

«አባየ፣ ካሁን ወዲያ ዝም ይበሉልኝ። ብቻየን ልሞክረው።»

የጫካው ጫጫታ ባንዴ ቆመ። ጭልፊት አይተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ጭልፊት አላየሁም።

ከደጀ ሰላሙ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ትንሿን ሰሌዳዬን ዘረጋሁ። ጥቂት እንደተጫወትን አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች። ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

«የሉም» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛችንም ተደናበረች። ወታደር አስበላች፣ ፈረስ አስበላች። እውነቱን ልናገር፣ እንድታሸንፈኝ በልቤ ስጸልይ ነበር። አለቀላት ስል ከንፈሯን ነክሳ ረጅም ጊዜ አሰበችና እኔ ያላሰብኩትን፣ ማሽንም የሚመርጠው የማይመስለኝን አንድ ጠማማ እርምጃ አገኘች። ንጉሤ መሄጃ አጣ።

«አሁን ይጻፉ። ማንም አልነገረኝም» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እንኳን ደስ አለሽ ሳልላት ሰሌዳዬን አጣጠፍኩ።

ስንመለስ ፊቷን ወደ ከተማው አላዞረችም። ግራ ጆሮዋን ወደ ዘጌ ሰጥታ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

ሰኞና ከዚያ በኋላ፣ ቤቴ

ሪፖርቱን በገባሁበት ዕለት ጻፍኩ። «ከማንም እርዳታ እንደማታገኝ አረጋግጫለሁ» ይላል። ከእሑድ ረፋድ ጀምሮ እውነት ነው። ስሟ ነጻ ወጣ፣ ቦታዋም ጸናላት። ከተጫዋቾች እጅ ስልክና ማዳመጫ ስቀማ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ጉዞ ግን ንጹሕ ጨዋታ ፍለጋ የሰው አባት ሊወሰድ እንደሚችል አስተማረኝ። ትምህርቱ ደስ አላለኝም።

ጉዞዋ ሲቃረብ ደወለችልኝ። ልትሰናበተኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እሄዳለሁ፤ ሻንጣየንም አሰናድቻለሁ» አለች። «እርስዎ ደንብ አዋቂ ነዎት ብየ ነው። ከውድድሩ ስመለስ እንደገና እንዲያናግሩኝ፣ አባየን ምን ብየ መልሸ ልጥራቸው?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት።