የስም አቀላለጥ

«ያለኝን ሰም ሁሉ ለማኅበሩ ሰጥቻለሁ» ብሎ አነበበልኝ። የጻፈው ግን «ያለኝን ስም ሁሉ ለማኅበሩ ሰጥቻለሁ» ብሎ ነው። እኔ ማንበብ ስለማልችል በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። በዚያች ወረቀት ሰበብ ራሴ ካቋቋምኩት የጧፍ ሠሪዎች ማኅበር ተሰረዝኩ። ስምንት ዓመት ተሰርዤ ቆየሁ።

ጧፍ መሥራት ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነበር። ከየጠጅ ቤቱ ሰፈፍ እየለቀመ፣ ከደዶ ገበያ ሰም እየገዛ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ጧፍ ያቀርብ ነበር። እኔም ከዚህ ሌላ አላውቅም። በኋላ ተደራጁ የሚባል ነገር ሲመጣ አራት ሰው ሰብስቤ አሠራሩን አሳየሁ። አምስት ሆነን ማኅበር ስንመሠርት ሁሉም ያለውን ያዋጣ ተባለ። አንዷ መሥሪያ ቦታ ከግቢዋ ሰጠች፣ አንዱ በርሜልና ድስት አመጣ፣ ሌላው ክር። እኔ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሰም በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩ። አምስተኛው ጸሐፊያችን ነው። የደዶ ሰው ነው፤ ያኔ ሠላሳ አልሞላውም፤ ከመካከላችን የተማረ እሱ ብቻ ስለነበር የየሰዉን መዋጮ የሚጽፈው እሱ ነበር። የእኔንም ጻፈ፣ አነበበልኝ፣ ጣቴን ነከርኩ።

በዓመቱ ፈቃድ ሲታደስ ማኅበራትን የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ወረቀቶቹን አየ። አዲሱ ምስክር ወረቀት አራት ስም ብቻ ይዞ መጣ። ብሄድ፣ ሹሙ ወረቀቴን አውጥቶ ስምህን ለማኅበሩ ለቀህ፣ ከእንግዲህም ጥያቄ የለኝም ብለህ ወጥተሃል አለኝ።

«ሰም ነው የሰጠሁት» አልኩት።

«እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው። ጣቱ ያንተ ነው አይደለም?»

ጣቱ የእኔ ነበር። ቅጂውን ሰጥቶ አሰናበተኝ።

ታዲያ ምን ላስብ? ጸሐፊያችን ሌላ አንብቦ ሌላ ጽፏል። ሌባ ነው አልኩ፤ አለቀ። ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጣ። በመጀመሪያው አልከፈትኩለትም። በሁለተኛው ከፈትኩለት፤ ግን ዱላ ይዤ ነው። ሲሮጥ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አንስቼ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ግቢዋን የሰጠችው ሴትም መጥታ ነበር። አንቺም ከእነሱው ነሽ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። እኔም ቡና መጋዘን ገብቼ የጆንያ አፍ መስፋት ጀመርኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያችን ወረቀት ለማንበብ ብዬ። የጎልማሶች ትምህርት ከሥራ መልስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። መምህሯ ስለ ችግኝ፣ ስለ እጅ መታጠብ ታስነብበናለች፤ እኔ ቤቴ ገብቼ የማነበው ወረቀቴን ነው። በሰ እና በስ መካከል ያለው ልዩነት አናት ላይ ያለች ትንሽ ስብራት ናት። ስብራቷን ባየሁ ቁጥር ሹሙ እውነቱን እንደነበር አወቅሁ። ስም ነው የሚለው። መማሬ ቂሜን አጠነከረው እንጂ ሌላ አልፈየደልኝም።

ስምንተኛው ዓመት ላይ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ፣ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አነበብኩ። የሻማና የጧፍ አሠራር የተግባር ሥልጠና ይላል። ከሥር የአሠልጣኙ ስም አለ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። እሱ ነው።

የተመዘገብኩት ሰው ፊት ሌባ ልለው ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መዝጋቢዋ «አባባ፣ ልጻፍልዎ?» አለችኝ። ራሴ እጽፋለሁ አልኳትና ጻፍኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ትንሽ ጠበቁኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። የሚበዙት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ከየአገሩ የመጡ። አንድ ዲያቆን አለ። የልደት ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ ሒጃብ የለበሰች ሴት ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሻማ መንገድ ላይ ይሰበርብኛል አለችኝ። አሠልጣኙ ወፍሯል፤ ጸጉሩም ሸብቷል። ሲያየኝ ጭልፋውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንኳን መጡ፣ ከፊት ይቀመጡ አለኝ። ከፊት ተቀመጥኩ፤ ሰላምታውን ግን አልመለስኩም። ወረቀቴ በላስቲክ ተጠቅልላ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች።

መቼም እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ነው ያስተማረው። ሰሙ በቀጥታ እሳት አይነካውም፤ ውኃ የፈላበት ድስት ላይ ሌላ ድስት ይደረጋል። በጨርቅ ይጠለላል። ክሩ ፀሐይ የጠገበ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ጧፉ እየተንጣጣ ይነዳል። ክሩ ሰሙ ውስጥ እየተነከረ ይሰቀላል፣ ለብ ሲል በእርጥብ መዳፍ ሳንቃ ላይ ይድቦለቦላል። ይህ ሁሉ የአባቴ ነው። ከማን እንደተማረው አልተናገረም። ይህንንም ቆጠርኩበት።

እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ወረቀት ታደለ። በአንድ ፊቱ በኦሮምኛ፣ በሌላው በአማርኛ ነው፤ በእጁ ጽፎ ያባዛው። ኦሮምኛውን እናገረዋለሁ፣ ቁቤውን ግን አላነብም። አማርኛውን በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። ርእሱ «የስም አቀላለጥ» ይላል። ያጠፋሁ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩ። «አንድ፣ ስሙን መሰባበር። ሁለት፣ ስሙን ቀስ አድርጎ ማቅለጥ። ሦስት፣ ቆሻሻ ስም በጨርቅ ማጥለል።»

ተማሪዎቹ ከእኔ ቀድመው ጨርሰው ይስቁ ነበር።

«መምህር፣ የእኔ ስም ረጅም ነው፤ ይቺ ድስት አትበቃውም» አለች አንዷ።

«የእሱን አስቀድሙለት፤ ቆሻሻው ስም የሱ ነው» አለች ሌላዋ፣ አጠገቧ ያለውን ልጅ በክርን እየጎሸመች።

አሠልጣኙም ሳቀ። «አቦ ተዉኝ፣ እኔ በቁቤ ነው የተማርኩት። የናንተ ፊደል አንዱን ሰባት ያደርገዋል፤ ሰባቱም ለኔ አንድ ናቸው። ሰም በሉት» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለስድብ ያዘጋጀሁትን ቃል ተውኩት። ተነሥቼ ሄድኩና ወረቀቴን ሰጠሁት።

«አንብብልኝ» አልኩት።

ላስቲኩን ፈትቶ አየ። የራሱን እጅ ጽሑፍ ወዲያው አወቀው። «ያለኝን ሰም ሁሉ ለማኅበሩ ሰጥቻለሁ» ብሎ አነበበ።

«ደግመህ አንብብ።»

ደገመው። አሁንም ሰም አለ። ዓይኑ እያየው፣ ፊደሉ ፊቱ ተቀምጦ፣ ሰም ብሎ አነበበ። ድሮም እንዲሁ ነው ያነበበልኝ።

ድስቷ አትበቃኝም ያለችው ልጅ ከትከሻው በላይ አጮለቀች። «ስም ነው እኮ የሚለው» አለች ቀስ ብላ።

ሰውየው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። «ማሎ» አለ በኦሮምኛ፤ እባክህ እንደ ማለት ነው፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ የቀሩት ለዚህ ነው?»

«አልቀረሁም። ተሰረዝኩ።»

«ጽሕፈት ቤቱ ለቀው ወጡ አለን፤ እኛም የተቆጡን መሰለን። ልጠይቅዎ ብመጣ በዱላ አባረሩኝ። ዛሬም ከእርስዎ ነው የተማርኩት ልል ነበር፤ ስምዎን ብጠራ ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።»

ኬክ ጋጋሪዋ «አላህ ያውቃል፣ ሰሙ እየተቃጠለ ነው» አለች። እውነትም ድስቱ ይጨስ ነበር። ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እጄ የለመደው ነውና እዚያው ቆሜ ክር መንከር ጀመርኩ። እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የሚያድቦለቡሉትን ሳርም ዋልኩ።

ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ያኔ ገና እንደተሰረዝኩ፣ ሰውየው ተሳስቶ ቢሆንስ፣ ጠርተህ ብትጠይቀው ምን ትከስራለህ ብላኝ ነበር። ከሌባ ጋር ትወግኛለሽ ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥታው አታውቅም። ያን ቀን ቤት ገብቼ፣ ልክ ነበርሽ የምለው ሰው አጣሁ።

በማግስቱ እሱ ራሱ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ከፈትኩለት። ጽሕፈት ቤቱ አብረን ሄድን። ሹሙ ተቀይሮ ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ስህተት መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ አለችን። ከቦርሳው የሥልጠናውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። አነበበች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ የድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጎን አድርጋ በእርሳስ ጫፍ ፊደል በፊደል አስተያየች፤ ከዚያ በኋላ መሳቅ አላማራትም። የቀሩት አባላት ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ኑ አለችን።

አባላቱ ተሰበሰቡ። ግቢዋን የሰጠችው ሴት አርጅታለች፤ በር የዘጋሁባትን አላነሣችብኝም፣ እኔም አላነሣሁም። ጸሐፊያችን ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅር ብያለሁ አልኩ። እኔ ግን ስለ ዱላው ይቅርታ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ። ስምንት ዓመት ሌባ ሲሉት የኖሩትን ሰው በአንድ ቀን ሰው ማድረግ ያቅታል። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ፣ የእሱ ጽሕፈት ነው፣ ያ ሹም የተጻፈውን ብቻ አይቶ ሰው አለመጠየቁ ነው፣ የእኔም በር ነው።

ደብዳቤው አጭር ነው። በሰነዱ ላይ «ስም» የተባለው «ሰም» ተብሎ እንዲነበብ፣ እኔም ማኅበሩ ከተመሠረተበት ዕለት ጀምሮ መሥራች አባል ሆኜ እንድመዘገብ ይላል። ማኅተሙ ተመትቶ የተሰጠኝ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።